ትእዛዝ ደባቂው

ዕቃውን ቆልፎ የማይረካ፣ ካልደበቀው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚሁ ሶዶ፣ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ማርቆስ ነው።

ዋናው ኮምፒውተራችን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ትእዛዝ ሲጻፍለት የትእዛዙን ፋይል የሚፈልገው «እዚህ ፈልግ» በተባለባቸው ፎልደሮች ብቻ ነው። ታዲያ ማርቆስ የአስተዳዳሪ ትእዛዞችን ሰብስቦ ኮምፒውተሩ እንኳ ወደማይፈልግበት ፎልደር ወሰዳቸው።

«ያለ ይለፍ ቃል እንደሆነ አይሠሩም፤ ምን አስደበቀህ?» አልኩት።

«ዓይን ያላየውን ልብ አይመኝም» አለኝ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ጠቢብ ጋር ማን ይከራከራል?

አንድ ጠዋት እሱ ቢጠና ከተማ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ኔትዎርካችን ተቋረጠ። ከሻንቶ ድረስ የመጡ ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ እያጉረመረሙ ነው። ደወልኩለት። መስመሩ አላሰማ ቢለን፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል እየጮኸ ነገረኝ። ገባሁና ኔትዎርኩን ያስነሳል ያለኝን ትእዛዝ ጻፍኩ።

«የለም ይላል።»

«አለ!»

«የለም ነው የሚለኝ፣ ማርቆስ!»

«የደበቅኩበትን ፎልደር ስም ከፊቱ ጻፍበት!»

«ማን ይባላል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱን እንኳ... መጥቼ ብንፈልገው ይሻላል» አለኝ።

ባለጉዳዮቹ እየተራገሙ ወደ ሻንቶ ተመለሱ። ለቀስተኛውም የይለፍ ቃላችንን ይዞ ወደየቤቱ ገባ።

ማርቆስ በማግስቱ መጥቶ መጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? የይለፍ ቃሉን የቀየረ?

ትእዛዞቹን ሌላ ቦታ ደበቃቸው።