በረንዳ ላይ የነደደው ናሙና

መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የሚመርጠው ማን ነው? እኔ እንጃ! ለምርጫው ግን እንከን አይወጣለትም። ተኝተን ሳለ አይጠፋም፤ ወጥ ሲንተከተክና እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ጠብቆ ነው። እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ከየካ አባዶ ወሎ ሰፈር በታክሲ እየተጋፋሁ እመላለሳለሁ። እዚያ ደርሼ የምሠራው ምን መሰላችሁ? «የአገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል ለኤሌክትሪክ አቅርቦት ያለው ሚና» የሚል ጥናት። ቀን ቀን አገር አበራለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ሻማ እለኩሳለሁ።

ያለፈው እሁድ ሽማግሌዎች ልጄን ሕይወትን ሊጠይቁ የሚመጡበት ቀን ነበር። ፈላጊዋ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ገጣጣሚ ነው። አዎ፣ የፀሐይ! እኔ ከመሬት በታች የማስሰውን እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያገኘዋል። ይሁን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ባለቤቴ ፀዳለ ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። ወጉ «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብሎ መሸኘት ነው፤ ወዲያው እሺ ካልን «ልጃቸው ቆማ ቀርታባቸው ነበር» እንባላለን አለች። ሕይወት በበኩሏ ጓዳ ጠርታኝ፣ አባዬ ቀጠሮ ስጣቸው፣ ግን በሞቴ እንዳታስኮርፍብኝ አለችኝ። አልቸኩል፣ አላስኮርፍ፤ እንግዲህ አምባሳደር ልሁን? ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኳት።

ዶሮው ገና ሳይበስል መብራት ድርግም አለ።

ከሰል ፍለጋ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ቀድሞኝ ኖሮ ባለሱቁ ባዶ ጆንያ አራግፎ አሳየኝ። ያኔ ቁም ሳጥን ላይ በፌስታል ያስቀመጥኩት፣ ለሰኞው ስብሰባ የማሳየው የድንጋይ ከሰል ናሙና ትዝ አለኝ። ለአገር ይበቃል ያልኩት ነገር ለአንድ ዶሮ ያንሳል? ፀዳለ፣ አንተ ሰውዬ ተው፣ አለች። ግን ባለሙያው ማን ነው? እኔ!

የከሰል ምድጃውን በረንዳ አውጥቼ፣ ጭራሮ ደርድሬ፣ ላምባ አርከፍክፌ ለኮስኩት። እምቢ አለ። አራገብኩት። እሺ ሲል ግን ወዮ ጉዴ! ጭሱ ጥቁር፣ ሽታው ድኝ፤ ነፋሱም ጠቅልሎ ሳሎን አስገባልኝ። ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ብቅ ብለው፣ ኧረ አላህን ፍራ፣ የምን ጎማ ነው የምታቃጥለው አሉኝ። ጎማ ሳይሆን የኃይል ምንጭ ነው ልላቸው ስል በሩ ተንኳኳ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጭሱም አብሯቸው ቆመ። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ሁሉም እኔን አየኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ናሙናው ጉሮሮዬን አነቀኝ። እስላለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፤ ጭንቅላቴ ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ይላል። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አነሱ። የአባት ነገር፣ እያለቀሰ እሺ አለን እኮ ብለው ምርቃታቸውን ቀጠሉ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ። ፀዳለ መስላኝ ዞር ብል እሷ አጠገቤ ቆማ በዓይኗ ትበላኛለች፤ እልል ያለችው ሕይወት ራሷ ናት! ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ድኝ ድኝ የሚል ዶሮ በጨዋነት በሉ።

ሰኞ ስብሰባው ላይ አለቃዬ ናሙናውን ጠየቁኝ። ነደደ አልኳቸው። ታዲያ ተግባር ላይ ሲውል ሚናው ምን ሆኖ ተገኘ አሉኝ። ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም። ልጅ ይድራል አልኩ፤ የመብራቱን ነገር ግን ተመካክረን እንነግራችኋለን።