ዝም ያለው ላፕቶፕ

ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈት ነው። ይህን የሚለው ኮዬ ፈጬ ያለው የእኛ ብሎክ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔማ ተርጓሚ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ጎረቤቱ በጠዋት አውቶቡስ ተጋፍቶ ሲሄድ እኔ በነጠላ ጫማ ሳሎን ውስጥ እቀራለሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው።

ታዲያላችሁ፣ ላፕቶፔ መጮህ ከጀመረ ቆይቷል። ውስጡ ያለችው ማቀዝቀዣ፣ ፋኗ ማለቴ ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤት ታንጓጓለች። ጩኸት ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ምን ያልቻልኩት አለ? በዚህ ሰሞን ግን ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። በእጄ ያለውን ትርጉም ዓርብ ካላደረስኩ ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ቢሮው አስረግጦ ነግሮኛል። ሌላ ደንበኛ ደግሞ የለኝም።

መጀመሪያ ራሴ ከፈትኩት። አንዲት ቀጭን ሽቦ ከቦታዋ ተላቅቃ የፋኗን ክንፍ ትነካለች። ይህን ማጣበቅ ምን ሙያ ይጠይቃል? ጥቁር ናስትሮ ለጠፍኩባት። ሙጫው በሙቀቱ ቀለጠና ሽቦዋ ተመልሳ ገባች። የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ችግሬን ሰምተው ለወገባቸው የሚለጥፉትን ፕላስተር ይዘውልኝ መጡ። ላብ እንኳ አያስለቅቀውም አሉኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ለጠፍኩ። ላፕቶፑ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ እንጂ አልዳነም።

ተሸክሜው ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ላፕቶፕ የሚጠግነው ሙስጠፋ ዘንድ ሄድኩ። ወሎዬ ነው፤ ሲቆጣ እንኳ አንደበቱ ይጣፍጣል። ከፍቶ ሲያየው፣ «ወንድሜዋ፣ ይሄ ሰውዬ የመኪና አደጋ ደርሶበት ነው?» አለኝ። ከዚያ ሙቀት የሚችል፣ ስስ፣ ቢጫ ፕላስተር እንደሚያስፈልግ፣ የእሱ እንዳለቀበት፣ ፈልጌ ካመጣሁ እንደሚለጥፍልኝ ነገረኝ። ቢጫ የሆነ ሁሉ ግን አንድ እንዳልሆነ አስጠነቀቀኝ።

አንድ አይደለምና! የመጀመሪያው ባለሱቅ ካርቶን የሚታሸግበትን አወጣልኝ። ሙቀት ይችላል ወይ አልኩት። ሱቁ ቆርቆሮ እንደሆነ፣ ፕላስተሩ እዚያው ከርሞ ምንም እንዳልሆነ አስረዳኝ። ሁለተኛው በልጆቹ ማለልኝ። ሦስተኛው ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ሸጠልኝ። የሦስቱንም ገዛሁ፤ አሁን ማንን ልመን? ደክሞኝ ሻይ ቤት ገባሁና፣ ባለቤቷን ለምኜ፣ ከሦስቱም እየቆረጥኩ የሚፈላው ማንቆርቆሪያ ላይ ለጠፍኩ። የካርቶኑ ተጨማደደ። በልጆች የተማለበት ሙጫውን ትቶ ተንሸራተተ። የዝምተኛው ሰውዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ፣ «ታዲያ ይሄን ማን ሊያነሳልኝ ነው?» አለች። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ አልተነሳም። ይቅርታ ጠይቄ በጥድፊያ ወጣሁ።

ሙስጠፋ ለጠፈው። ላፕቶፑ ጸጥ አለ። መሥራቱን ያረጋገጥኩት ጆሮዬን አስጠግቼ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስታው ዕንባዬን አመጣው።

በማግስቱ በጠዋት ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። አብራን የምትኖረው አማቴ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ብቅ ብላ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለህም አይደል? ውሃ መጥታለች» አለችኝ። ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ አመላለስኩ። ገና ቁጭ ከማለቴ አቶ ግርማ አንኳኩ። ማረፌን እንደሰሙ፣ ለቀብር ድንኳን የሚተክል ሰው እንደጠፋ ነገሩኝ። ለቀብር እምቢ ይባላል? ነገ እኔም ሟች ነኝ። ከድንኳኑ ስመለስ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቁም ሣጥን አንሣልኝ አለ።

ለካ የብሎካችን ሰው የእኔን ሥራ የሚያውቀው ግድግዳውን አልፎ በሚሰማው ጩኸት ነበር! ሲጮህ እየሠራ ነው ይላሉ፤ ዝም ሲል አርፏል። ላፕቶፑ ተጠግኖ እንጂ ሥራውማ እንዳለ መሆኑን ለአማቴ በትዕግሥት አስረዳኋት። «እሰይ! እሱ ካረፈ አንተስ ለምን ትለፋለህ?» አለችኝ።

ሐሙስ ደረሰ፤ ትርጉሙ ገና ግማሽ ነው። ነገ ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው። ቃሊቲ ተመለስኩና ሙስጠፋን ጩኸቱን መልስልኝ አልኩት። ጤናህን ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እንደፈለገ ያስታውቃል። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቀና መደርደሪያውን አሳየኝ፤ የታመሙ ላፕቶፖች ተደርድረዋል። እየከፈተ አንድ በአንድ አሰማኝ። የባሰበትን መረጥኩና ድምፁን በስልኬ ቀዳሁ።

ቤት ገባሁ፣ ሰነዱን ከፈትኩ፣ ስልኩን ጎኔ አስቀምጬ ጩኸቱን ለቀቅኩት። አቶ ግርማ ሲያንኳኩ አማቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «አይሰሙም እንዴ? ልጄ ሥራ ላይ ነው!» ብላ ስትመልሳቸው ሰማሁ። ሰውዬው በእግራቸው ጣት ነው የሄዱት። ዓርብ በሰዓቱ አስረከብኩ።

ሪፖርቱን ልኬ ስጨርስ አማቴ ከወዲያኛው ክፍል ለባለቤቴ ስልክ ደውላለች።

«እልል በይ ልጄ፣ ባልሽ ሥራ ጀመረ!»