ሰልፍ መጨረሻ የቆመው ኤሊ

ጆሮ ላለው ልንገር፤ አራዊት ሸንጎ በሚቀመጡበት ዘመን በአንድ ጫካ የሆነ ነው።

በዚያ ጫካ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ምልክት ነበረው። ግልገል እንኳ በአንድ ክረምት ተምሮ ይጨርሰው ነበር። ዝንጀሮ ከባሕር ማዶ ተምሮ ሲመለስ ግን ይህ ኋላ ቀር ጽሕፈት ነው አለ። በሠለጠነው ጫካ ለሃያ ድምፅ አምስት ፊደል ይበቃል፤ ፊደሎቹም ቅርፊት ላይ አይጫሩም፣ ራሳቸው ተሰልፈው ይቆማሉ። አንባቢው ድምፁን ይገምታል። ሸንጎው አጨበጨበ፤ አምስት እንስሳትም ድምፅ አውጪ ተብለው ተሾሙ።

ዋነኛዋ እንቁራሪት ነበረች። በሰልፉ ውስጥ ከጅግራ አጠገብ ስትቆም አንድ ዓይነት ትጮሃለች፣ ከጃርት አጠገብ ስትቆም ሌላ። ለምን እንደሆነ ጃርትን የነካ ያውቀዋል። ተማሪዎች ሕጉን ሲጠይቁ ዝንጀሮ ሕግ መኖሩን፣ ግን ብዙ ጊዜ እንደማይሠራ ይነግራቸዋል። አምስተኛው ኤሊ ነበር። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ ትንፍሽ አይልም፣ ቀለቡን ግን እኩል ይወስዳል። ብዙዎች ያሙት ነበር።

በዚያው ዓመት የቆቅ ባል ሞተ። ከወራት በኋላ ከርከሮ ሸንጎ ቀርቦ፣ ቆቅ ከጫጩቶቿ ጋር የምትኖርበት ቁጥቋጦ ለእኔ ይሁን አለ። ዳኛው ዝሆን የሟቹ ስም በአዲሱ ፊደል እንዲሰለፍ አዘዘ፤ በትክክል ያነበበ ቁጥቋጦውን ይወስዳል።

ቆቅ የባሏን ስም ያለ ሰልፍም እንደምታውቀው ተናገረች። ማወቅና ማንበብ ይለያያል ተባለች።

ከርከሮ ቀድሞ አነበበ። የእንቁራሪቷን ድምፅ አጭር አደረገው። ቆቅ ግን አስረዝማ ጠራችው፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ስትጠራው እንደነበረው። ዝንጀሮ ምልክት ሰጠ፤ እንቁራሪትም ረጅሙን ድምፅ አወጣች።

«በቃሏ ነው እንጂ አላነበበችም» አለ ከርከሮ።

«እውነቱን ነው፣ እትዬ ቆቅ» አለ ዝንጀሮ። «ርዝመቱን ከየት አየሽው?»

«ኤሊን ከሰልፉ አውጡት» አለች።

አወጡት። እንቁራሪት ጮኸች፤ ድምፅዋ አጭር ሆነ። መለሱት፤ ረዘመ። ሸንጎው በሙሉ ወደ ኤሊ ዞረ። ኤሊ አሁንም ምንም አላለም። ዝንጀሮ ይህን ድሮም አውቀው ነበር አለ።

ቁጥቋጦው ለቆቅ ተፈረደላት። ከርከሮ እያጉረመረመ ሄደ። ዝሆን ግን ነገሩ ከነከነው።

«የዝንጀሮ ተማሪዎች ዓመት ሙሉ ያላዩትን አንቺ በአንድ ቀን እንዴት አየሽው?»

ቆቅ ጫጩቶቿን ወደ ክንፏ ሰበሰበች።

«ባሌ ዝም ካለ ሰባት ወሩ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «ከዚያ ወዲህ እነዚህን ስጠራ፣ ድምፄ እንደ ድሮው ወጥቶልኝ አያውቅም።»