ድመት ይዞ ሽምግልና

ሰው የሚታወቀው አብሮ ሲበሉ፣ አብሮ ሲሄዱ ነው የሚባለው ነገር ጊዜው አልፎበታል። ዘንድሮ ሰው የሚታወቀው ስልኩ ላይ በሚጫወተው ጌም ነው! «እኔ ጌም አልጫወትም» የምትሉ አትጠፉም። ስልካችሁን አሳዩኝ ሳልል ልለፋችሁ።

የእህቴ ልጅ ታምራት ሊያገባ ፈለገ። ልጅቷ ምሕረት ትባላለች። አባቷ ጋሽ ሄራሞ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ገብስና እንሰት የሚያለሙ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ዝምታቸው ረጅም ሰው ናቸው። ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ከሆሳዕና በባጃጅ ልንወጣ ስንል ታምራት ወደ ጎን ወሰደኝ። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ መስሏል።

«ጋሼ፣ እሷን ከከለከሉኝ ሌላ አላገባም» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ታዲያ ኪሴ ውስጥ ድመት ነበረች። የእውነት ድመት አይደለችም፤ ልጄ ሶስና በስልኬ የምታሳድጋት የጌም ድመት ናት። ሲርባት ዓሣ ይሰጧታል፣ ስትቆሽሽ ያጥቧታል፣ ሲመሽ መብራት አጥፍተው ያስተኟታል። ሶስና ለዕረፍት ሀቢቾ መንደር አክስቷ ጋ ስትሄድ «አባዬ፣ እንዳትሞትብኝ» ብላ አደራ ጥላብኛለች። ሳይቸግረኝ እሺ ብዬ...

ጋሽ ሄራሞ ቤት ደረስን። እንደ ወጉ ቆመን «ልጅዎን ለልጃችን» አልን። ተቀመጡ ቢሉን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አልን። እንግዲያው እንጸልይ አሉ። ዓይን ተጨፈነ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ልክ «ይህን ጉዳይ ባርክ» ሲባል ኪሴ «ሚያው!» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ አንድ ዓይኑን ገልጦ ወንበር ሥር ፈለገ። «ሚያው!» የምሳ ሰዓቷ ነው፤ ረሀብ ደግሞ ጸሎት አያውቅም። በእጄ ላፍናት ብሞክር ጭራሽ ሙዚቃዋን ለቀቀችው!

«አሜን» እንደተባለ ጋሽ ሄራሞ ዓይናቸውን ቀጥታ ኪሴ ላይ ጣሉ። እያላበኝ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«አሁን ርቧት ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ያብሏት እንጂ።»

ሽምግልናው ቆሞ ድመት አበላሁ። ይኼም ያልፋል ስል ጋሽ ሄራሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። የእናንተም ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ እሱ የሚያሳድገው ምንድን ነው አሉኝ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ታምራት የሚገድል እንጂ የሚያሳድግ መች ሆነና! የእሱ ጌም ከምድር በታች ያለ ዋሻ ነው። ጎራዴ ይዞ ይወርዳል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ሣጥን ሰብሮ ወርቅ ያወጣል፣ ደረጃ ሲያገኝ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ልዋሽ አሰብኩ፤ አሁን ከጸሎት ተነስቶ እንዴት ይዋሻል? ተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

«ወርቁን ሲያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል?» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«አይመለስም። የተሻለ ጎራዴ ገዝቶ ይወርዳል።»

«ሲሞትስ?»

«ከላይ ይጀምራል።»

  ወደ ኪሴ እያመለከቱ «ድመቷን ለልጁ ስጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ፤ በሕይወት ካለች እንነጋገራለን» አሉ።

አስቡት እስቲ፣ የሰው ትዳር በጌም ድመት ነፍስ ላይ ሲንጠለጠል! ድመቷን ታምራት ስልክ ላይ ጫንናት። ያ የዋሻ ጀግና መከራውን አየ። ጭራቅ አንዴ ከተገደለ ተገደለ ነው። ድመት ግን ጠዋት ብታበሏት ማታ ይርባታል፣ አሁን ብታጥቧት አሁን ትቆሽሻለች፤ ወርቅ የሚሰጣችሁ የለም፣ ጎበዝ የሚላችሁም የለም። ደውሎ ይኼ ጌም መጨረሻው የት ነው ቢለኝ፣ ባለቤቴ አጠገቤ አለመኖሯን አረጋግጬ «መጨረሻ የለውም ልጄ፤ ትዳር ነው» አልኩት።

በቀጠሮው ታምራትን ከነስልኩ ይዘን ሄድን። ጋሽ ሄራሞ መነጽራቸውን አድርገው ድመቷን መረመሩ። «ወፍራለች» አሉ፤ ቀጥለውም «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉና ተቀመጥን። ከቡላ የሚሠራው፣ ቅቤ የጠጣው አተካና ቀረበ። እፎይ! እኔም ደስታው አስክሮኝ፣ ታምራት ዋሻውን ከናካቴው ትቶታል ብዬ ጨመርኩ።

ፈቃዷን እንድትናገር የተጠራችው ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«ፈቃደኛ ነኝ አባ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ግን ዋሻውን ለምን ይተዋል? የተዋወቅነው እዚያ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭራቆቹን ብቻዬን ስገድል ከረምኩ።»

ጋሽ ሄራሞ ልጃቸውን አዩ። ታምራትን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«ድመቷን ከልጁ እንዳትወስዱበት» አሉኝ። «እዚያ ቤት አንድ የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል።»