ዘንዶ የሌለው ገንዘብ

እንከን አውጪ ጎረቤት የሌለው የቲፍሊስ ሰፈር የለም፤ ካለም ሰዎቹ ገና ትናንት የገቡ ናቸው። የእኛ ሰፈር ዕጣ ክቡርነታቸው ባቶኖ ኤርሚሌ ናቸው፤ «ባቶኖ» በእኛ አገር «ጌታዬ» እንደ ማለት ነው። ንግግራቸውን ሁሉ «እኔ ሰው አላማም፤ ግን...» ብለው ይጀምራሉ። ከ«ግን» በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም።

ሙሽራ ሲያጅቡ ቀሚሱ ረዘመ፣ ሬሳ ሲሸኙ ሣጥኑ ጠበበ ይላሉ። አዲሲቱ የጆርጂያ ሪፐብሊካችን የራሷን የወረቀት ገንዘብ ስታወጣ እኛ በደስታ ተቃቀፍን፤ እሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። ኖቱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን ይዞ ፈረሱ ላይ ተቀምጧል፤ ከበላዩ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት አሉ። ከፈረሱ እግር ሥር ግን ምንም የለም።

«ዘንዶውስ?» አሉ። «ጦር ይዞ ወዴት ነው? ገበያ?»

ይህን ያልሰማ ሥጋ ሻጭ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፍል ውኃ ቤት ገላ አሺ አልቀረም። ኖቱን የሚያጥፍ ነጋዴ ከተገኘ ደግሞ ለብቻው ነው የሚወርዱበት፦ «አንተ! የሰማዕቱን አንገት ቀጨኸው እኮ!»

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ዳሮ ሳንድሮ ለሚባል ወጣት ታጨች። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ በስንት መከራ የተገኘ እሺታ ነው። የማዕዱ መሪ፣ ታማዳው፣ ራሳቸው ኤርሚሌ ሆኑ። ቀንድ ዋንጫ ወይን ሞልተው ለሀገር ሊመርቁ ተነሡና በሌላው እጃቸው ኖቱን ከኪሳቸው መዘዙ።

«አባዬ፣ ዛሬን እንኳ ተውልኝ» አለች ዳሮ በሹክሹክታ።

«እኔ ሰው አላማም፤ ግን ይህን የሣለው ሰው ዘንዶውን በልቶታል!»

የሳንድሮ አባት ባቶኖ ፕላቶን ቀስ ብለው ቆባቸውን አነሡ። ማተሚያ ቤት እንደሚሠሩ እናውቃለን፤ ሒሳብ ያዥ መስለውን ነበር።

«እኛ ዘንድ ነው የተሣለው» አሉ። «የእኔም እጅ አለበት። ሳንድሮ፣ ተነሥ፤ እንሂድ።»

ሳንድሮ ተነሣ። ዳሮ ፊቷ አመድ መሰለ። ኤርሚሌ ቀንዱን እንደያዙ ቀሩ፤ የሞላ ቀንድ ካልተጠጣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ይደፋል። ልጃቸውን አዩ።

«ይቀመጡ እንጂ ባቶኖ ፕላቶን፣ መች ጨረስኩ! ዘንዶው የሌለው ለምንድነው? ገድሎታላ! ገድሎት ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ባለማየቴ ተሳስቻለሁ፤ ዕውሩ እኔ ነኝ።» ከዚያም ቀንዱን እስከ ጭላጩ ጠጡት።

ፕላቶን እያለቀሱ ሳሟቸው። እኔም ዕንባዬ መጣ። ከኤርሚሌ አፍ «ተሳስቻለሁ» ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን እኚህን ጨቅጫቃ ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ።

እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ ኤርሚሌ እጅጌዬን ሳቡኝ። «ዘንዶው ግን መኖር ነበረበት።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ዝም በል!» አሉ፣ ደጃፍ ላይ የምትስቀውን ዳሮን እያዩ። «የልጅ ልጅ እስካቅፍ ድረስ ዘንዶ የሚባል ነገር አላውቅም።»