ምን እንደምትበላ ያልታወቀችው ዓሣ

«ቅጠል በል ነው አልኩህ!»

«ጥርሱን አታይም? ይሄ አጥንት ይግጣል!»

ትናንት ከምሳ በኋላ በሕልሜ ሁለት አምባዛዎች በእኔ የተነሳ ሲጣሉ አየሁ። እኔ የምሠራበት የሐዋሳው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያለው የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ውስጥ ነበርኩ፤ እነሱ ካፖርት ለብሰው ውጭ ቆመዋል። በመስኮቱ ሐይቁ ዳር ይታያል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ቢላ ይዘው ዓሣ ይበልታሉ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ አንገታቸውን ቀብረው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

«ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ፓፒዮን» አለ ትልቁ አምባዛ። «አስተናጋጅ የሚባለው ዝርያ ነው። የተረፈውን ሁሉ ይበላል።»

«ታዲያ ለምን አይበላም? ሊሞትብን እኮ ነው!»

ሰላጣ ጣሉልኝ። ዳቦ ጣሉልኝ። ክትፎ በማንኪያ አወረዱልኝ። ርቦኛል፤ አፌ ግን አልከፈት አለ።

አንዲት ትንሽ ቢጫ ዓሣ መጣች፤ ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። አወቅኳት። ከቀይ ባሕር በአውሮፕላን የመጣችልን፣ ዝርያዋን ማንም ያላወቀላት፣ የሰጠናትን ሁሉ አልቀምስም ያለችው ናት። መስታወቱን በሹል አፏ ቆረቆረች።

«ላሬቦ፣ እኔ የምበላው ሕያው ኮራል ነው፤ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት። ከእሱ ሲነቅሉኝ ሌላው ሁሉ አሸዋ ሆነብኝ። አንተንስ ከምን ነቀሉህ?»

«ከዘነበች።»

ዘነበች ባለቤቴ ናት። ለሥራ ጅዳ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

«እሷማ የእኛ ሰፈር ሰው ናት! ባሕሩ ዳር ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ። ና።»

የውሃውን ቱቦ ከፈተችልኝ። ገባሁ። ውሃው እየቆየ ጨው ጨው አለኝ። ጫፉ ላይ ነጭ አንሶላ ይውለበለባል፤ ከሥሩ የዘነበች እግር ይታያል፣ አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር። አንሶላውን ልገልጥ እጄን ዘረጋሁ።

«እንቁላል ነው የምትበላው አልኩዎት!»

እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ነቃሁ። ሼፍ ተካልኝና ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

«የምን እንቁላል! ዳቦ ፈርፍርላት!»

«ኮራል ነው» አልኩ። «ሕያው ኮራል።»

«ከየት ይመጣል? ከአትክልት ተራ?» አለ ተካልኝ፤ ወደ ክርክሩም ተመለሰ።

ቢጫዋ ሞታ በጎኗ ተንሳፍፋለች። በሻይ ማጥለያ አነሳኋት፤ በመሐረቤ ጠቅልዬ በጓዳ በር ወደ ሐይቁ ወጣሁ።

«ቅጠልስ ሞክረህላታል?» ይለዋል ሥራ አስኪያጁ ተካልኝን ከኋላዬ።