የጭቃውን አህያ ማን አራገፈው?

‹ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር› የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ገንፎ ሲውጥ ጉሮሮውን የተወጋ ይመስለኛል። እኔ ግን መጠርጠርን የተማርኩት ከገንፎ ሳይሆን ከኮምፒውተር ነው። እንደ ኮምፒውተር ያለ ተጠራጣሪ ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቀበሌ ዘበኛ እንኳ ሁለት ቀን ካያችሁ በሦስተኛው ‹ግቡ› ይላችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም የሥዕል መምህር ሳለሁ ለወላጆች ቀን የጭቃ ፊልም እሠራለሁ ብዬ አወጅኩ። ከጭቃ አህያ ትሠሩና ፎቶ ታነሱታላችሁ፤ እግሩን የጥፍር ያህል ታንቀሳቅሱና ደግሞ ታነሱታላችሁ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲያልፉ አህያው ይራመዳል። የእኔው አህያ ጤፍ የሞሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ተጭኖ ከከላላ ገበያ መካነ ሰላም ይገባል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ግን አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት በዚያ ዘመን፣ ርዕሰ መምህራችን እንዲያው ዝም ብሎ የሚራመድ አህያ አለ ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። ጠመም ያለ ነገር ካገኘሁበት ዓባይ በረሃ ወርደህ ነው የምታስተምረው አለኝ። ደግሞ ያደርገዋል።

ካሜራውን ሰርግ ከሚቀርጸው ጎረቤቴ ተዋስኩና ገመዱን ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁ። ‹አላውቀውም› አለ ኮምፒውተሩ። ነቅዬ ሰካሁ። አላውቀውም። ያገሩን ሙሽራ ሁሉ ያየ ካሜራ እንዴት አይታወቅም? ለካስ ዋስ ኖሯል የሚፈልገው! በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከደሴ፣ ካሜራውን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ያለበት አንድ ሲዲ አስመጣሁ። ሲዲውን ዋጥ ሲያደርግ፣ በዋስ እንደተለቀቀ እስረኛ ካሜራው ተፈቀደለት፤ አህያዬም ስክሪኑ ላይ ድቅን አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። አህያውን እንደተጫነ ትቼ ላስተምር ሄድኩ፤ ስመለስ ከረጢቶቹ ወርደዋል። መልሼ ጫንኩት። በማግስቱም ያው። አይጥ እንዳልል፣ አይጥ ጤፉን ትበላለች እንጂ ከረጢቶቹን ጎን ለጎን አታስቀምጥም። ርዕሰ መምህሩ ሰው ልኮብኝ ይሆን? እሱን መጠየቅ ስለፈራሁ ባለካሜራውን ጮህኩበት፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ ወጥመድ ዘረጋሁ። ኮምፒውተሩን በየጥቂት ሰከንዱ ራስህ ፎቶ አንሳ ብዬ አዝዤው ወጣሁ።

ስመለስ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ሰፊ የብር ቀለበት ያጠለቀች እጅ ከላይ ወረደች። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አወረደች፣ የአህያውን ጀርባ አሸት አሸት አደረገችና ሄደች። ቀለበቱን አወቅኩት፤ የአከራዬ የእትዬ ዘሐራ ነው።

እንደተናደድኩ ግቢ ወጥቼ፣ እትዬ፣ ክፍሌ ገብተው ነበር ወይ አልኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር።

“ገባሁ እንጂ! በመስኮት ባየሁ ቁጥር ተጭኖ ቆሟል። እንስሳ ጭኖ ሥራ የሚሄድ የት አየህ? አላህን አትፈራም? ሐቅ የለውም እንዴ?”

“እትዬ፣ ጭቃ እኮ ነው!”

“ጭቃ ከሆነ ለምን ጫንከው?”

እስቲ እናንተ መልሱላቸው። ፎቶዎቹን ባሳያቸው ይባስ ብለው፣ ደሞ እጄን ለማን ልታሳይ ነው የቀረጽከው ብለው በተራቸው ጠረጠሩኝ። ለወላጆች ቀን ነው፣ መጥተው ይዩ ብዬ ማልኩላቸው። እጃቸው ያለችባቸውን ፎቶዎች አውጥቼ እንደገና እንዳልሠራ መብራቱ ሄዶ የተመለሰው በዓሉ ዕለት ነው፤ ስለዚህ እጃቸው ፊልሙ ውስጥ ቀረች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እትዬ ዘሐራ ከፊት ወንበር ተሰይመዋል። አህያው ጭነቱን ይዞ ሲንገታገት ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ይኼ አህያ ማነው አለኝ። አህያ ነው አልኩት። እሱንማ አየሁት፣ ማንን ወክሎ ነው የተሸከመው አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ዓባይ በረሃ ከነሙቀቱ መጣብኝ።

ይኼኔ ያቺ እጅ ወረደች። ከረጢቶቹም ወረዱ። የርዕሰ መምህሩ ፊት በራ፤ ብድግ ብሎ፣ “የሕዝቡን ሸክም ያወረደች የመንግሥታችን እጅ!” አለና አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው። እኔማ ከማንም አስበልጬ አጨበጨብኩ፤ ድኛለኋ!

“ኧረ በአላህ! የኔ እጅ ናት!” እትዬ ዘሐራ ቀለበታቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። “ቀለበቴን አላውቀውም? ወላሂ ብቻዬን ነው ያወረድኩት፣ ማንም አላገዘኝም!”

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠና፣ እኚህ ሴትዮ ወገናቸው ከማን ነው ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ከአህያው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዓባይ በረሃ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።